የኢሚግሬሽን ዓምድ፦ ስፖንሰር ከፋይ ነው እንጂ ተከፋይ አይደለም

«መካኒክ ነኝ፤ የሚቀጥረኝ ጋራዥ ፈልግልኝ» የሚል ስልክ ከአዲስ አበባ ወደ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ይደወላል። ዘመድ ይጨነቃል። ጭንቀቱን የሚያውቅ ደላላ ደግሞ «ስፖንሰር አለ፤ ገንዘቡን አምጡ» ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሌበር ሰርቲፊኬሽኑን ወጪም ሆነ ለዚሁ ጉዳይ የአሠሪውን ጠበቃ ክፍያ ሠራተኛው እንዲሸፍን ማድረግ ክልክል ነው።

በዚህ መንገድ የሚገኘው የባለሙያ ግሪን ካርድ ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቢያንስ የ2 ዓመት ልምድ ወይም ሥልጠና የሚያስፈልገው ቋሚ ሥራ ነው። አሠሪው የአካባቢውን ደመወዝ በመንግሥት አስወስኖ፣ ሥራውን በ2 የእሑድ ጋዜጦች አውጥቶ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቁና ፈቃደኛ ሠራተኛ እንዳላገኘ ያስረዳል። ከዚያም ለኢሚግሬሽን ያመለክታል፤ ደመወዙን የመክፈል አቅሙንም በሰነድ ያሳያል። የጋራዡ ባለቤት ወንድም ወይም አጎት ከሆነ ዝምድናው በማመልከቻው ላይ ይገለጻል፤ መደበቁ ጉዳዩን ያበላሻል።

የመካኒኩ ድርሻ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፦ የቀድሞ አሠሪው የፈረመበት፣ ከመቼ እስከ መቼ ምን ሲሠራ እንደነበር የሚዘረዝር። ጋራዡ ሳይዘጋ፣ ባለቤቱም አገር ሳይለቅ ቢጻፍ ይሻላል።

ወረፋው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት «ጋራዡ የት ነው?» ይበል። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሄዶ በዓይን ማየት ይቻላል። ደላላ እጅ የገባ ገንዘብ ግን አይመለስም።