የሚመግል ጆሮ ዝም አይባልም

የልጃችሁ ጆሮ ለወራት ይመግላል። ጎረቤት «ሲያድግ ይተወዋል» ይላችኋል፤ እናንተም ጥጥ ወትፋችሁ ትምህርት ቤት ትልኩታላችሁ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

መሃል ጆሮን ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ነው። የቆየ ኢንፌክሽን አጥንቱን እየበላ አልፎ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ቶሎ አይታወቅም፤ ሁላችንም ትኩሳት ስለምንጠብቅ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ግን ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል!

ስለዚህ ጆሮው የሚመግል ልጅ በማስታገሻ የማይመለስ ራስ ምታት ከያዘው፣ ካስመለሰው፣ ከወትሮው ከፈዘዘ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ ወይም ጥሎ ካንፈራገጠው ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ስትደርሱም የጆሮውን ነገር ሳትጠየቁ ተናገሩ። ራሴን ብሎ የመጣን ልጅ ጆሮ ሁሉም አያይም።

ሕክምና አለው። መግሉ ከፍ ያለ ከሆነ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ይቀዳዋል፤ ከመግሉ ላይም ባክቴሪያው ይለያል። ከዚያ አንቲባዮቲክ በደም ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ በ2ኛው ሳምንት መጫወት ሲጀምር «ድኗል፣ እንውጣ» ይባላል። የአልጋው፣ የመድኃኒቱ፣ የቤት ኪራዩ ነገር እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ግን ሳታቋርጡ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ዝም ብላችሁ አትጥፉ።

ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ጆሮውን የጆሮ ሐኪም ይየው። ምንጩ ካልታከመ መግሉ ተመልሶ ሊቋጥር ይችላል።