በላሊበላና በመቀሌ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ለሰቆጣ ምን ይለካል?

ከላሊበላ አየር ማረፊያ እስከ መቀሌው አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ያለው ቀጥተኛ ርቀት በኬክሮስና በኬንትሮስ ሲሰላ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ሰቆጣ ከዚህ መስመር በስተምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ፈቀቅ ብላ ትገኛለች። በአየር ከላሊበላው ማረፊያ ወደ 72፣ ከመቀሌው ወደ 107 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የቅርብ አየር ማረፊያን ርቀት ብቻ ይዞ ተደራሽነትን የሚመዝን ጥናት ሰቆጣን ከታደሉት ከተሞች ተርታ ቢያሰልፋት በስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በመለኪያው ነው።

የበረራውም ሰዓት እንደዚሁ ያታልላል። በአገር ውስጥ መስመሮች የተለመደው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይበራል ቢባል፣ 175ቱ ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ ያህል ያልቃል። ይህ የወረቀት ሰዓት ነው። በእንዲህ ያለ አጭር መስመር አውሮፕላኑ ከፍታውን ገና ሳይዝ ለመውረድ ይዘጋጃል፤ መሬት ላይ መንቀሳቀሱና ወደ ማኮብኮቢያው መዞሩም ይታከላል። ተጓዡ በአዲስ አበባ በኩል መዞር ካለበት ደግሞ ከላሊበላ አዲስ አበባ 332፣ ከአዲስ አበባ መቀሌ 503፣ በድምሩ 835 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጥታው አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በቦሌ የሚያልፈውን የጥበቃ ሰዓት ማንም አይቆጥረውም።

የሰቆጣው ሰው ጉዞ ግን የሚጀምረው ከመናኸሪያ ነው። 72 ኪሎ ሜትር የተባለው መስመር ተራራና ሸለቆ አያውቅም፤ መኪናው ያውቃል። ከአበርገሌና ከዝቋላ፣ ከተከዜ ሸለቆ ዳርቻ የሚነሳው ደግሞ አስቀድሞ ሰቆጣ መድረስ አለበት።

ጉዳዩ የምቾት አይደለም። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው። አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ይኖርባቸዋል፤ የበረዶ ሳጥኑ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትርን ሳይሆን ሰዓትን ነው። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የምትላክ ወላድም እንዲሁ።

ቀጥተኛ ርቀት በቀላሉ ይገኛል፣ ከአገር አገርም ለማነጻጸር ያመቻል የሚል ክርክር ይነሳል። ለሜዳማ አገር ያስኬዳል፤ ለዋግ አያስኬድም። ጦርነቱም ይህን በግልጽ አሳይቷል። ወደ መቀሌ የሚደረገው የመንገደኞች በረራ ለ18 ወራት ገደማ ተቋርጦ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር፣ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድ ሜትር አልጨመረም ነበር። 175 ኪሎ ሜትር የሚል ሠንጠረዥ የተዘጋውንና የተከፈተውን መስመር አይለይም።

ስለዚህ በዋግ ላይ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ በርቀቱ አጠገብ ቢያንስ ሁለት ዓምድ ቢጨምር ይገባል፦ ከሰቆጣ መናኸሪያ እስከ አውሮፕላኑ በር በበጋ የሚወስደው ሰዓት፣ በክረምት የሚወስደው ሰዓት። መረጃው ከሳተላይት አይገኝም፤ ከሾፌሮችና ከጤና ጣቢያ የሪፈር መዝገቦች መሰብሰብ ይኖርበታል። መስመሩ የተዘጋበት ወርም ባዶ ሳይተው «ተዘግቷል» ተብሎ ይመዝገብ።