በጉዞ መጀመሪያ ቀን ምሳ ስለ መብላት

ቤተ ሰቡን ይዞ ከደሴ ወደ ላሊበላ የሚሔድና ወልድያ ላይ የሚያድር ሰው የመጀመሪያውን ቀን ምሳ ከወዴት ቢበላ ይሻለዋል? ብዙ ሰው «ወልድያ ቅርብ ነው፤ እዚያ እንበላለን» ይላል፤ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። እኛ ግን ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብላ በምትገኘው በሀብሩ ከተማ በመርሳ መውረድን እንመርጣለን።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ለልደት በዓል ስንሔድ፥ መርሳ የደረስነው 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነበር። እናታችን የነቢያትን ጾም እስከዚያ ሰዓት ይጾማሉ። ምንም አላሉም፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቈጥረን አለፍን። ሲሪንቃ አጠገብ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፉም ጎማ ነፋስ አልነበረውም። ወልድያ በጨለማ ገባን፤ እናታችንም በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ የምሳውን ሰዓት ለነጂው አንተውም፤ ከመኪናው ውስጥ ያሉትን አረጋዊና ሕፃን አይተን እንወስናለን። በመርሳ ለጾመኛ ትኩስ የሽሮ ወጥ አይታጣም። የሥጋው ምርጫ በወልድያ ሰፋ ይላል፤ ይህን አንክድም። አገሩ ቆላማ ስለ ሆነ ብርቱካንና ፓፓያ ከመንገድ ዳር ይሸጣል፤ ከብርቱካኑ እኩሌታውን ለማግሥቱ ለድልብ ዳገት ከልጆች መሰወር ነው።