ቃል የሌለው ዜማ ባዶ ነውን?

ሰሞኑን ሲግናል ቡና ስንጠጣ የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ተከፈተና ክርክር ተነሣ። ገሚሶቻችን «ኦርጋኑ ራስ ያዞራል፤ ዘፋኝ ሳይኖር ምኑን ዘፈን ሆነ?» አልን። የቀረነው ደግሞ «ቅኝቱ የራሳችን ነው፤ እስቲ ዝም ብላችሁ ስሙት!» አልን።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዘመኑን ዘንግተዋል። ሸክላው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሌሊቱ ሰዓት እላፊ፣ ግጥሙም ሳንሱር ነበረበት። ቃል በተፈራበት ጊዜ ኦርጋኑ ተናገረ። በ2014 እንደገና ሲታተምም አማርኛ የማያውቅ ሁሉ አዳመጠው።

ነገ ክፍል ስንገባ ዝም የሚል ተማሪ ይገጥመናል። «ባዶ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ምን ዝም እንዳሰኘው እንጠይቅ። መምህር አስቀድሞ አድማጭ ይሁን!