ጂን ነው ከማለታችን በፊት

ዐምና ልደታ ውስጥ አንድ ጎረቤቴን ልጠይቅ ገብቼ ያየሁትን ሳላካፍላችሁ ብቀር አማና የበላሁ ይመስለኛል። ስም ሳልጠቅስ እንድጽፈው ልጁም እናቱም ፈቅደውልኛል።

ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሦስት ሳምንት ራሱን ሲያመው ከረመ። ከዚያ እናቱን መሳደብ ጀመረ፤ የሌለ ነገር አየሁ ይላል፤ የሻይ ብርጭቆ ከግራ እጁ ይወድቃል። ቤተሰቡ «ጂን ይዞታል» ብሎ ደመደመና ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሩቃ ተቀራለት። ሆስፒታል የተወሰደው በአሥረኛው ቀን ሲያንዘፈዝፈው ነው። ለካስ ልጁ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ኖሮ፣ በቀደመው ዓመት ረመዷን ሲገባ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ሳይመለስበት ቀርቷል።

ጂን መኖሩን በቁርኣን እናምናለን፤ ክርክሬም ከሩቃ ጋር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። ሩቃው ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብም ይቀራል። የሚያስቆጨኝ ዘጠኙ ቀን ነው።

የኛው የልደታው ጥቁር አንበሳና የዘውዲቱ ሆስፒታል ሐኪሞች የነርቭ ሕመም ያስተኛቸውን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ካርድ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናት አሳትመው ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሦስት በሽታዎች ናቸው፦ የአንጎል ቶክሶፕላዝማ፣ የአንጎል ሽፋን ቲቢ፣ እንዲሁም ክሪፕቶኮከስ በተባለ ፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር። ሦስቱም የሰውነት መከላከያ እስኪደክም የሚያደቡ ናቸው። ኩላሊት የተተካለትና የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም።

የጎረቤቴን ልጅ የያዘው ቶክሶፕላዝማ ነው። ይህ ጥገኛ ተሕዋስ ባልበሰለ ሥጋ፣ ወይም በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈርና አትክልት ወደ ሰውነታችን ይገባል። በአገራችን ብዙ አዋቂዎች ይዘውት ይኖራሉ፤ በጤነኛ ሰው ውስጥ እንደ ተኛ ይቀራል። ሲዲ ፎር ከ100 በታች ሲወርድ ግን አንጎል ውስጥ ይነቃል። ድመቷን አባሩ ማለቴ አይደለም። ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ነጃሳው ዓይነ ምድሯ ነው፣ እርሱን የነካ እጁን ይታጠብ። የዐረፋ ዕለት ጥሬ ጉበት ላይ የምንረባረበውን ነገር ግን፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ባለበት ቤት፣ ብናስብበት ይሻላል።

ፈንገሱ ደግሞ በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ በትንፋሽ ይገባል። የሚያመጣው ራስ ምታት ቀስ በቀስ እየባሰ ሳምንታት ይቆያል። ትኩሳት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ ይከተሉታል። ሐኪሙ ከጀርባ ፈሳሽ ልቅዳ ሲል «ሽባ ይሆንብናል» ብለው እምቢ ያሉ ቤተሰቦችን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መርፌው የሚገባው ዋናው የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ካበቃበት በታች ነው። በዚህ በሽታ ፈሳሹን መቅዳት ምርመራ ብቻም አይደለም፤ አንጎል ላይ የተከመረውን ግፊት ስለሚያቀል ራሱ ሕክምና ነው። ዓይንንም ነፍስንም ያተርፋል። እምቢ ያለ ቤተሰብ ልጁን ከምን እንደ ከለከለው አያውቅም።

ደግሞም ሳይብስ የሚደረስበት መንገድ አለ። ሲዲ ፎሩ ከ100 በታች የሆነ ሰው ለዚህ ፈንገስ ደሙ እንዲመረመር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ርካሽ ክኒን ቶክሶፕላዝማን ይከላከላል። ከሁሉም በላይ ጠባቂው ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአገራችን በነፃ የሚሰጠው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው።

ልጁ ለምን አቆመ? ቀን ላይ መዋጥ ጾም ያፈርሳል ብሎ ነው። ሰው እንዳያውቅበት ፈርቶ ሐኪምም ዓሊምም አልጠየቀም። ዛሬ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ወደ ፊጥር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይችላል። መጾም የሚጎዳውን ሰው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) ራሱ ፈቅዶለታል።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተርፏል። እናቱን ዐውፍ ብሏታል። ግራ እጁ ግን ገና ብርጭቆ አይዝም። ባለፈው ረመዷን ለፊጥር ጠርተውኝ ሄጄ ነበር፤ ክኒኑ ከተምሩ ሰሃን አጠገብ ተቀምጦ አየሁት።