ድምፁ ሲቆራረጥ ተጠያቂው ማን ነው?

በሉማሜም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ በሰርግ ድንኳን ውስጥ ኪቦርድ ከላፕቶፕ ጋር ተጣምሮ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት ድምፁ መንጣጣትና መቆራረጥ ሲጀምር ግን ወቀሳው በቅድሚያ የሚያርፈው በሙዚቀኛው፣ ቀጥሎም «አርጅቷል» በሚባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ሁለቱም ያለ ምርመራ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያስተናግደው በናሙና ከፋፍሎ ነው፤ የተለመደው መጠን በሴኮንድ 44,100 ናሙና ነው። ናሙናዎቹ ወደ ድምፅ ካርዱ ከማለፋቸው በፊት «በፈር» በተባለ ቋት ይጠራቀማሉ። ቋቱ 128 ናሙና የሚይዝ ከሆነ ኮምፒዩተሩ በየ2.9 ሚሊሴኮንዱ አዲስ ድርሻ ማድረስ ይኖርበታል። በዚያች ቅጽበት ዋይ ፋይ ወይም ሌላ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ቢሻማ ቋቱ ባዶውን ይቀራል፤ መንጣጣት ሆኖ የሚሰማንም ይኸው ክፍተት ነው። ቋቱን ወደ 1,024 ናሙና ማሳደግ ችግሩን ያቃልላል፤ ሆኖም 23 ሚሊሴኮንድ ያህል መዘግየት ያስከትላል። ይህም ድምፅ በአየር ውስጥ ስምንት ሜትር ገደማ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። በፈጣን የእስክስታ ምት ላይ የተጫዋቹ ጣትና ጆሮ ይለያያሉ። ስለዚህ አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት ዋይ ፋዩንና ትርፍ ፕሮግራሞችን መዝጋት፣ ከዚያም 256 ወይም 512 ናሙና መሞከር ይበጃል።

የማያቋርጥ እምምታ ግን ሌላ ደዌ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ መሣሪያዎች ከተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩ ይህ ምልልስ በድምፅ ገመዱ በኩል ሊገባ ይችላል። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ምንጩን ለመለየት ይረዳል፤ እምምታው ከጠፋ መንገዱ ታውቋል። መሣሪያዎቹን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ወይም በድምፅ መስመሩ ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት መፍትሔ ይሆናል። እምምታውን ለማጥፋት ሲባል ኧርዝ የተባለውን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ግን ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። መሣሪያው ውስጥ ሽቦ በተላጠ ቀን ማይክሮፎን የጨበጠው ድምፃዊ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የሳይንስ ዘዴ የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማዳመጥ፣ ካልሠራም ወደ ነበረበት መልሶ ሌላውን መሞከር በሰርግ ድንኳንም ይቻላል። የፊዚክስ መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻቸው በተግባር ቢያሳዩ፣ ሙዚቀኛው ከአላግባብ ወጪና ከወቀሳ፣ አንዳንዴም ከሞት ይድናል።