የሞት ፍርድና የምሕረት ወሰን

በመንዝ ደጋ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ሥሩ ከተጠበቀም ተመልሶ ይለመልማል። የአገሩም ሰው የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ጊዜ ለይቶ ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የሰው ሕይወት ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ዳኛም ንጉሥም አይመልሳትም። ለሣር ይህን ያህል የተጠነቀቀ አገር ለነፍስ እጅግ አብልጦ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

በዚያው ደጋ፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ በቀድሞው ዘመን ነፍሰ ገዳይ ተፈርዶበት ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር። ደመኛው ቢወድ ደሙን ይመልሳል፤ ቢወድ በሽማግሌ ምልጃ ካሣ ተቀብሎ ይምራል። ያ ልማድ ቀርቷል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ርእሰ ብሔሩ ያላጸደቀው የሞት ፍርድ እንዳይፈጸም፣ በአደባባይና በስቅላትም እንዳይሆን ያዝዛል። ይህ ካለፈው የተሻለ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ነፍስ ከደመኛ ፈቃድ ወጥታ በአንድ ሹም ብዕር ሥር ወደቀች እንጂ ከአደጋ አልዳነችም።

የዚህን ብዕር ሥራ ሁለት ነገር ያስረዳል። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የደኅንነቱን ሹም አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት መኮንን ተገደለ። በዚያው ርእሰ ብሔር በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመን፣ ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ለእነዚህ የሃይማኖት አባቶች ማልደውላቸው ነበር፤ መማለዳቸውም መልካም ነው። ነገር ግን ለታወቀ ሰው አማላጅ ሲገኝ፣ ስሙን ማንም ለማያውቀው ድኃ ገበሬ ማን ደጅ ይጠናለታል? በአማላጅ ብዛት የሚገኝ ምሕረት የፍርድን ጉድለት አይሞላም።

ደግሞም ሕገ መንግሥቱ በ28ኛው አንቀጽ፣ የዘር ማጥፋትንና ያለ ፍርድ መግደልን ለመሰለ ወንጀል ምሕረትም ይቅርታም እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ ርእሰ ብሔሩ የሞቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጠው እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ከወንጀል ሁሉ ለከፋው የዕድሜ ልክ እስራት የሚበቃ ከሆነ፣ ከዚያ ላነሰው ሞት ስለ ምን ያስፈልጋል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ የተረሸኑት ሹማምንት፣ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ስማቸው ያልተጻፈው ብዙ ሺህ ወጣቶችም ደማቸው የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን የሞት ቅጣት ፍርዱን ራሱን አሰናከለው። ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ በ1983 ዓ.ም. በኢጣሊያ ኤምባሲ ተጠግተው ወደ 30 ዓመት ተቀመጡ፤ ኢጣሊያም ሞት ወደሚጠብቃቸው ፍርድ አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። የወጡት በ2013 ዓ.ም. ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ከተለወጠ በኋላ ነው። ሞት ባይኖር ኖሮ ያ መጠጊያ ምክንያቱን ባጣ፣ የሟቾችም ወገን ተከሳሾቹን በችሎት ቆመው ለማየት ተስፋ ባገኘ ነበር።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በስሕተት የታሰረ ሰው ይፈታል፤ በስሕተት የተገደለ ግን የይቅርታውን ወረቀት የሚቀበልበት እጅ የለውም። የምሕረት ወሰኑ መቃብር ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪው የሞትን ቅጣት ከሕጉ ይፋቀው፤ የነፍስ መትረፍም የሹም ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ትእዛዝ ይሁን።